ለጋራ ድራይቨር መሥሪያ ክፍላችን የሚቀርብ ሐሳብ፦ የኮምፓይለርና የመሣሪያ ምርጫ

(ተናጋሪዎቹ አባላት በሰፈር ስም ተጠርተዋል።)

ጸሐፊ፦ ሰላም ለሁላችሁ። አራት ኪሎ ለምንከፍተው የድራይቨር (ኮምፒውተሩን ከዕቃ ጋር የሚያገናኝ ፕሮግራም) መሥሪያ ክፍል የተዘጋጀው ረቂቅ አንደኛ ነጥቡ «የመጨረሻው ጂሲሲ በሁሉም ማሽን ላይ ይጫን» ይላል፤ ጂሲሲ ኮምፓይለር ነው፣ ማለትም ኮድን ማሽን ወደሚረዳው ቋንቋ የሚለውጥ ፕሮግራም። ማስተካከያ ያለው እስከ ነገ ይጻፍ፤ ማክሰኞ ለሥራ አመራሩ ይቀርባል።

ካዛንቺስ፦ አንደኛው ነጥብ ይውጣ። የሞጁል (ከርነሉ ላይ የሚጫን ቁራጭ ኮድ፣ ድራይቨራችን ማለት ነው) ኮምፓይለር በእኛ ምርጫ አይደለም፤ የሚወስነው ከርነሉ፣ ማለትም የሊኑክስ እምብርት፣ የተሠራበት ኮምፓይለር ነው። የሊኑክስ ዓይነት የሆነውን ኡቡንቱ 22.04ን እዩት፦ ነባሪው ጂሲሲ 11 ነው፤ ከዝማኔ ጋር የገባው 6.5 ወይም 6.8 ከርነል ግን በጂሲሲ 12 ነው የተሠራው። ከርነል በተለወጠ ቁጥር ሞጁልን እንደገና የሚሠራው ዲኬኤምኤስ ሞጁሉን ልሥራ ሲል «ትሪቪያል አውቶ ቫር ኢኒት» የሚባለውን አማራጭ አላውቀውም ብሎ ይቆማል፤ ጂሲሲ 11 ያ አማራጭ የለውማ። ሰው ኮዱን ሲያገላብጥ ይውላል፤ መፍትሔው ጂሲሲ 12ን ከጎኑ መጫን ብቻ ነው። ስለዚህ «በየማሽኑ አስቀድሞ ፕሮክ ሥር ያለው ቨርዥን ፋይል (/proc/version) ይነበብ፣ እዚያ የተጻፈው ኮምፓይለር ይጫን» ይባል። ከርነሉ ክላንግ በተባለው ሌላ ኮምፓይለር ከተሠራ ሜክ (ግንባታውን የሚያካሂደው ትእዛዝ) ላይ «ኤልኤልቪኤም=1» ይጨመር።

ፒያሳ፦ እስማማለሁ። ለማረም እንዲቀል «ኦ0» (ኮምፓይለሩ ኮዱን እንዳያሻሽል የሚያዝ አማራጭ) ይሁን የሚለው የረቂቁ ሐረግም ይሰረዝ፤ ከርነል በኦ0 አይሠራም። በምትኩ ስፓርስ የተባለው የኮድ ስህተት ፈላጊ ግዴታ ይሁን፣ ሜክ ላይ «ሲ=1» ማለት ነው። ከመሣሪያው በሊትል ኢንዲያን (ትንሹ ባይት በሚቀድምበት አጻጻፍ) የመጣን ቁጥር ሳይለውጡ እንዳለ መጠቀም ኢንቴል ላይ ምንም ሳይታይ ያልፋል፤ ጂሲሲም ዝም ይላል። ቁጥሩ ኮዱ ውስጥ ሊትል ኢንዲያን ተብሎ ከታወጀ ግን ስፓርስ መስመሩን ቆጥሮ ያሳያል።

ሰብሳቢ፦ ራስት የተባለው ቋንቋስ? ከ6.1 ጀምሮ ከርነል ውስጥ ገብቷል ሲባል እሰማለሁ።

ካዛንቺስ፦ እውነት ነው ጋሼ፣ ታኅሣሥ 2022 እ.ኤ.አ. የወጣው 6.1 ነው ያስገባው። ነገር ግን ከከርነሉ ውጭ በራስት የሚጻፍ ሞጁል እንዲሠራ ከርነሉ ራሱ ራስት በርቶለት መሠራት አለበት። በአባላት እጅ ያለው ማሽን ላይ ያንን መጠበቅ አይቻልም። ለሥልጠና ይቆይ፣ ለሥራ የሲ ቋንቋ ይሁን።

ሜክሲኮ፦ ኮምፓይለሩ ነጻ ነው፤ ገንዘቡ መውጣት ያለበት ሽቦ ላይ ነው። ከርነል ሲወድቅ ስክሪኑ ላይ የሚቀረው የመልእክቱ ጭራ ነው፤ የሚፈለገው መስመር ወደ ላይ ሸሽቷል። በሲሪያል (ጽሑፉን በሽቦ ወደ ሌላ ማሽን የሚልክ መስመር) ከወጣ ግን ሙሉው ሌላ ማሽን ላይ ይቀመጣል። ለ3 ራስፕቤሪ ፓይ 4 (አነስተኛ ኮምፒውተር) ቦርድ 4 የዩኤስቢ ሲሪያል መለወጫ ይያዝ፣ አንዱ ለመጠባበቂያ። ግራውንድ በፓይ ፒን 6 ላይ፣ የመለወጫው አርኤክስ (መቀበያው) ፒን 8 ላይ፣ ቲኤክሱ (መላኪያው) ፒን 10 ላይ፤ ፍጥነቱ በሴኮንድ 115200 ቢት። ምንም ጽሑፍ ካልመጣ ብዙ ጊዜ አርኤክስና ቲኤክስ ተቀያይረዋል። የደብተራ ክታብ የመሰለ ነገር ከመጣ ፍጥነቱ ተሳስቷል።

ሎጂክ አናላይዘር (በሽቦ የሚያልፈውን ምልክት የሚመዘግብ መሣሪያ) 2 ይበቃል፣ ባለ 8 መስመር፣ ባለ 24 ሜጋኸርዝ። ለአይ2ሲና እስከ 5 ሜጋኸርዝ ገደማ ላለ ኤስፒአይ (ሁለቱም ቺፖች የሚነጋገሩባቸው መስመሮች ናቸው) ደህና ነው፤ ለዩኤስቢ ግን ከእጅ አይሻል ዶማ። ዩኤስቢውን ዩኤስቢሞንና ዋየርሻርክ የተባሉት የሶፍትዌር መሣሪያዎች በነጻ ያሳዩናል። መብራት ሲሄድ በባትሪ የሚያቆየው ዩፒኤስም አይረሳ፤ ኤስዲ ካርድ እየተጻፈበት መብራት ከሄደ ሥራው ከሀ ይጀመራል።

ፒያሳ፦ ኢንተርኔቱንም አስቡ። ሁሉም ለየራሱ የከርነሉን ሙሉ የጊት ታሪክ (የኮዱን ለውጦች መዝገብ) ካወረደ በነፍስ ወከፍ በርካታ ጊጋባይት ነው። አንድ ሙሉ ቅጂ ክፍሉ ውስጥ ይቀመጥ፣ አባል ከዚያ ይቅዳ። በ«ዴፕዝ 1»፣ ማለትም ያለ ቀድሞው ታሪክ፣ የወረደ ቅጂ ለመገንባት ይሆናል፤ ስህተቱን ያመጣውን ለውጥ ለሚፈልገው ባይሴክት ግን ታሪክ ስለሌለው አይረዳም።

ለገሃር፦ ከዚህ ሁሉ በፊት አንድ ጥያቄ ይግባ፦ ዕቃው የከርነል ድራይቨር ያስፈልገዋል ወይ? ለካርድ አንባቢና ለሚዛን ብዙ ጊዜ ሊብዩኤስቢ ወይም ኤችአይዲ ሮው (ተራ ፕሮግራም ዕቃውን የሚያናግርባቸው መንገዶች) ይበቃል። እዚያ ስህተት ቢኖር ፕሮግራሙ ብቻ ነው የሚወድቀው። በከርነል የሚሠራው ደግሞ ሴኪዩር ቡት (የታመነ ኮድ ብቻ እንዲነሳ የሚያደርግ ጥበቃ) የበራበት ማሽን ላይ ካልተፈረመ አይጫንም። የፊርማው ቁልፍ በሞክዩቲል ትእዛዝ ከተመዘገበ በኋላ ማሽኑ ሲነሳ ሰማያዊ ስክሪን ይመጣል፤ እዚያ ካልጸደቀ ምዝገባው እንደገና ነው።

ጸሐፊ፦ የለገሃር ጥያቄ አንደኛ ነጥብ ሆኗል፣ የካዛንቺስ ሁለተኛ። የዊንዶውስ ድራይቨር የማይክሮሶፍት ፊርማና የሚከፈልበት ሰርተፊኬት ስለሚጠይቅ ለብቻው ይቀርባል። በግዢ ዝርዝሩ ላይ «የዩኤስቢ ሲሪያል መለወጫ፣ 4» ብያለሁ።

ሜክሲኮ፦ «ባለ 3.3 ቮልት» የሚል ጨምርበት። የፓይ ፒን 5 ቮልት አይችልም፤ እንደተጻፈው ከሄደ ግዢ ክፍል ያገኘውን ያመጣል። የቮልት መምረጫ ጃምፐር (ትንሽ ተነቃይ ማገናኛ) ያለው ከመጣም ከመሰካቱ በፊት በመልቲሜትር ይለካ።