«ምና» የወንዶች ነው የሴቶች? (ስለ አንድ የአይሪሽ ቃል)

ጠያቂ፦ ሰላም ለሁላችሁ። አየርላንድ ውስጥ አንዳንድ መጸዳጃ ቤት በሩ ላይ ሥዕል የለውም። አንዱ በር ላይ ኤም፣ ኤን እና ጭረት ያለበት ኤ፣ ሌላው ላይ ኤፍ፣ አይ፣ አር ተጽፏል። የትኛው የማን ነው? ሰዋስዉስ?

አቡጊዳ፦ በኤም የሚጀምረው «ምና» ሴቶች፣ በኤፍ የሚጀምረው «ፊር» ወንዶች ማለት ነው። እንግሊዝኛ የለመደ ሰው ኤምን ለወንድ፣ ኤፍን ለሴት አድርጎ ስለሚገምት ተገላብጦ ይገባል። በደቡብ «ምና» ሲሉት በምዕራብና በሰሜን «ምራ» ይሉታል፤ ጽሕፈቱ ግን ያው ነው።

ሰዋስው ወዳድ፦ ነጠላው «ብያን» ነው። ሴቷ ለማለት «አን ቭያን»፤ አንስታይ ስለሆነ ከ«አን» በኋላ ቢ ላልቶ ቪ ይሆናል፣ ሲጻፍም ከቢ ኋላ ኤች ይገባል። የሴቷ ሲሆን «ና ምና»፣ ሴቶቹም «ና ምና»፤ የሚለያቸው ዓረፍተ ነገሩ ብቻ ነው። የሴቶቹ ግን «ና ማን»፦ ከቢ ፊት ኤም ይጨመርና ቢው ተጽፎ ሳይነበብ ይቀራል። በ1914 ደብሊን ውስጥ የተመሠረተው የሴቶች ማኅበር «ኩመን ና ማን» በትንሽ ኤምና በትልቅ ቢ የሚጻፈው ለዚህ ነው።

ብዙ ተማሪ የሚሳሳተው ሲቆጥር ነው። ሰው ለመቁጠር ከሚያገለግሉት ቁጥሮች በኋላ «ምና» አይባልም፤ የብዙ አገናዛቢው «ባን» (በ«ና ማን» ውስጥ ያለው) ይገባል፦ ሁለት ሴቶች «ቤርት ቫን»፣ ሦስት ሴቶች «ትሩር ባን»።

ጠያቂ፦ እግዜር ይስጥልኝ። «ብያን» እና «ምና» ግን ምን ያገናኛቸዋል? እንደ ግዕዙ ብእሲትና አንስት ሁለት ሥር ነው?

አቡጊዳ፦ አይደለም፣ አንድ ሥር ነው። የጥንቱ ኢንዶ-አውሮፓዊ ሥር «ግወን» ሲሆን አይሪሽ ባለበት በኬልቲክ ቋንቋዎች ቤተሰብ «ግው» ወደ «ብ» ተለወጠ። በአገናዛቢውም በብዙውም ላይ የቃሉ መካከለኛ አናባቢ ወድቆ «ብና» ሆነ፤ ብ ከን ጋር ሲገጥም ወደ ም ተሳበ። የግሪኩ «ጉኔ» (ጋይኔኮሎጂ የመጣበት) እና የእንግሊዝኛው «ኩዊን» ወንድሞቹ ናቸው፤ እህቶቹ ማለት ይሻል ይሆን?

ጠያቂ፦ በተረት የሚሰማው «ባንሺ»ስ?

ሰዋስው ወዳድ፦ «ብያን ሺ» ነው። «ሺ» መናፍስት ይኖሩበታል የሚባል ጉብታ ነው፤ ስለዚህ የጉብታዋ ሴት። ሲበዙ «ምና ሺ»።