ፕሮፔንሲቲ ስኮር ማቺንግ ሰርቼ ከግማሽ በላይ ታካሚ ጠፋብኝ፣ ምን ላድርግ?

ጣና ዳር፦
ሰላም ቤተሰብ። ባህር ዳር ነኝ፣ የማስተርስ ቲሲስ ላይ። ሥራዬ ካላዛር ነው (በአሸዋ ዝንብ የሚተላለፈው በሽታ)፣ ለሰሊጥ አጨዳ መተማና ሁመራ ወርደው ታመው የሚመለሱት ልጆች፣ ከፎገራና ከሊቦ ከምከምም አሉበት። ዳታው ከድሮ ካርድ የተለቀመ ነው። ማወዳደር የፈለኩት አምቢዞም የሚባለውን መድሃኒት የወሰዱትን እና የ17 ቀኑን ኤስኤስጂ (ሶዲየም ስቲቦግሉኮኔት) ከፓሮሞማይሲን ጋር የወሰዱትን ነው፣ ሞት ላይ ልዩነት አለ ወይ ብዬ። ዝም ብዬ ሳወዳድር አምቢዞም የወሰዱት በብዛት ሞተዋል፣ እሱ ደግሞ ግልጽ ነው፣ ለከባዱ በሽተኛ ነው የሚሰጠው። አድቫይዘሬ "ፕሮፔንሲቲ ስኮር ማቺንግ ስራው" አለኝ፣ ማለትም ለእያንዳንዱ ታካሚ አምቢዞም የማግኘት እድሉን (ስኮሩን) ገምቶ ስኮራቸው የተቀራረቡትን ማጣመር፣ ስታታ (የስታቲስቲክስ ሶፍትዌር) ላይ ሰራሁት። ባይቫሪየት ላይ (አንድ በአንድ ሲታይ) ፒ ቫልዩው ከ0.25 በታች የሆነውን ሁሉ ሞዴሉ ውስጥ ከተትኩ፣ ኤችአይቪ፣ እድሜ፣ ሄሞግሎቢን፣ ጃንዲስ፣ ሆስፒታል የተኛበት ቀን ምናምን። ኤዩሲው (ሞዴሉ ሁለቱን ቡድን ምን ያህል እንደሚለይ፣ 1 ከሆነ ፍጹም ነው) 0.94 መጣ፣ ደስ ብሎኝ ነበር። ከዛ ማች ሳደርግ ከአምቢዞሞቹ ከግማሽ በላዩ ጥንድ አጣ። ካሊፐሩን (ጥንዶቹ ስኮር ላይ እንዲራራቁ የተፈቀደውን ልክ) ላስፋው? ዲፌንስ ደርሶብኛል።

የቁጥር ሰው፦
ወንድሜ ካሊፐሩን እንዳትነካው 😂 ችግሩ እሱ ጋ አይደለም። እስኪ ሀይቁ ዳር ቆመህ አስበው። አንዱ በደንገል ታንኳ ያጠምዳል፣ ሌላው በሞተር ጀልባ። ታንኳው ዳር ዳሩን ነው፣ ሞተሩ መሀል ድረስ ይገባል። ማታ ቆሮሶውን ቆጥረህ ሞተር ይሻላል ብትል የለካኸው ጀልባውን ነው ወይስ ቦታውን? ሁለቱም የሚደርሱበት ቦታ ላይ ብቻ ነው ማወዳደር የምትችለው፣ ታንኳ ደርሶበት የማያውቅ መሀል ሀይቅ ላይ ያለውን ሞተር ከማን ጋር ታጣምረዋለህ? ጥንድ ያጡብህ ታካሚዎች እነሱ ናቸው።

0.94 ደግሞ የሚያስደስት አይደለም። ሞዴልህ ካርዱን አይቶ ማን ምን እንደሚወስድ ይገምታል ማለት ነው፣ ለዲያግኖሲስ ቢሆን እሰየው፣ እዚህ ግን ሁለቱ ቡድኖች አይገናኙም የሚል ደወል ነው። ሮዘንባውምና ሩቢን በ1983 ነገሩን ሲያመጡት ሀሳቡ ስኮራቸው ተቀራራቢ የሆኑ ሰዎችን ብታወዳድር ስኮሩ ውስጥ የገቡት ነገሮች በአማካይ ይመጣጠናሉ ነው እንጂ መድሃኒቱን በትክክል ተንብይ አይደለም። የተኛበትን ቀን አሁኑኑ አውጣው፣ እሱ ከመድሃኒቱ በኋላ የመጣ ነገር ነው፣ ስኮሩ ውስጥ የሚገባው መድሃኒቱ ከመጀመሩ በፊት የነበረ ብቻ ነው። ያቺ 0.25 እንኳን ከየት እንደለመደችብን እንጃ፣ ለሞት የሚያጋልጠውን የምትመርጠው ከበሽታው እውቀት ነው። ባላንስም በፒ ቫልዩ አይታይም፣ ሳምፕሉ ሲያንስ ፒው በራሱ ስለሚያድግ ያታልልሃል፣ ስታንዳርዳይዝድ ሚን ዲፈረንስ (የሁለቱን ቡድን አማካይ ልዩነት ለስታንዳርድ ዲቪዬሽን አካፍለህ) ስራና ከ0.1 በታች መውረዱን እይ።

ካላዛር ዋርድ፦
እኔ ነርስ ነኝ፣ ቀመሩን ለናንተ ትቼዋለሁ፣ ግን አምቢዞም ማን ጋ እንደሚሄድ ልንገርህ። ኤችአይቪ ያለበት፣ ነፍሰ ጡር፣ ከ50 አመት በላይ፣ ቢጫ የሆነ፣ ቆሞ መሄድ ያቃተው። ብዙውን ጊዜ ዶክተሩ መርጦ አይደለም፣ ጋይድላይኑ ነው። ታዲያ ለኤችአይቪው ታካሚ ኤስኤስጂ የወሰደ አቻ ከየት ታመጣለታለህ?

ሌላው፣ ኤስኤስጂ ጀምሮ በሳምንቱ ማስመለስና የሆድ ቁርጠት ሲይዘው ወይ ኢሲጂው (የልብ ምርመራው) ሲበላሽ ወደ አምቢዞም የተቀየረውን የት መደብከው?

ጣና ዳር፦
ኧረ እህቴ ገደልሽኝ። አምቢዞም ውስጥ ነው የከተትኳቸው።

የቁጥር ሰው፦
ይሄማ ከካሊፐሩ የባሰ ነው። የተቀየረው ሰው ሳምንቱን በህይወት ስለቆየ ነው መቀየር የቻለው፣ ያቺን ሳምንት ለአምቢዞም በነጻ ሰጠሃት ማለት ነው፣ በሌላ በኩል ደግሞ ኤስኤስጂ የጎዳውን ሰው ለአምቢዞም አሸክመሃል፣ ወዴት እንደሚያዘነብል እንኳ መናገር አትችልም። መጀመሪያ በጀመሩት መድሃኒት መድባቸው፣ ቆጠራውም ከጀመሩበት ቀን ይነሳ።

ስታታ ያቃጠለው፦
ለምን ማቺንግ ሙጭጭ ትላላችሁ? ኪንግና ኒልሰን በ2019 ፕሮፔንሲቲ ስኮርን ለማቺንግ አትጠቀሙበት ብለው ጽፈው የለ እንዴ። ከማጣመር ይልቅ ለእያንዳንዱ ሰው በስኮሩ ክብደት ስጠው፣ ዌይት አድርገው በቃ፣ ሰውም አይጠፋብህም።

የቁጥር ሰው፦
ብለዋል፣ ክርክሩም አላለቀም። ግን ኦቨርላፕ (የሁለቱ ቡድን መገናኘት) በሌለበት ኢንቨርስ ዌይት (የወሰደውን መድሃኒት የማግኘት እድሉ ባነሰ ቁጥር ክብደቱ የሚጨምር) ስራ ብትለው አንዲት ኤስኤስጂ የወሰደች የኤችአይቪ ታካሚ ሠላሳ ሰው ሆና ትቆጠርለታለች፣ ውጤቱ በሙሉ በሷ ላይ ይንጠለጠላል። መጀመሪያ ጋይድላይኑ ምርጫ ያልሰጣቸውን ያውጣ፣ ከዛ ማችም ያድርግ ዌይትም ያድርግ። ብቻ ቲሲሱ ላይ ውጤቱ ለነማን እንደሚሰራ በግልጽ ይጻፍ፣ "ለካላዛር ታማሚዎች" ብሎ እንዳያልፈው።

ጣና ዳር፦
ተመለስኩ። ኤችአይቪ፣ ነፍሰ ጡርና ከ50 በላይ አወጣሁ፣ የተቀየሩትን ወደ ኤስኤስጂ መለስኩ። አሁን ኤዩሲው ወርዷል፣ አብዛኛው አምቢዞም ጥንድ አግኝቷል፣ ከሄሞግሎቢን በቀር ሁሉም ከ0.1 በታች ነው። የሞት ልዩነቱ ጠበበ፣ ኮንፊደንስ ኢንተርቫሉ (እውነተኛው ልዩነት ሊሆንበት የሚችለው ክልል) ግን ክረምት ላይ እንዳለ አባይ ሰፍቶብኛል። አድቫይዘሬ "ታዲያ ምን አገኘህ?" አለኝ 😅 ደግሞ ክብደት ግማሹ ካርድ ላይ የለም፣ ቆሞ መሄድ ያቃተው የሚለውንም አልሰበሰብኩም።

ካላዛር ዋርድ፦
ክብደቱን ከመድሃኒት ሺቱ አውጣው፣ ኤስኤስጂ በኪሎ 20 ሚሊግራም ስለሆነ ከዶዙ ወደ ኋላ ታሰላዋለህ፣ አምቢዞሙም በኪሎ ነው። ቆሞ መሄዱን ዶክተሩ ባይጽፈውም የነርስ ኖት ላይ "በቃሬዛ የመጣ" ወይ "ተደግፎ የገባ" ተብሎ ታገኘዋለህ፣ ትሪያጅ ወረቀቷ ከካርዱ ጀርባ ተሰፍታ ነው ያለችው፣ ብዙ ሰው ገልጦ አያያትም።

የቁጥር ሰው፦
እሷን ካገኘህ ሄሞግሎቢኑን አብረህ አስተካክልና ሞዴሉን እንደገና ስራ፣ የዛኔ ስለ ኢንተርቫሉ እናወራለን።

ጣና ዳር፦
እሺ። ሰኞ ጠዋት ካርድ ክፍል ነኝ፣ ቃሬዛ ፍለጋ።