ጠቅላላ ጉባኤ በዙም፦ ምልዓተ ጉባኤ፣ የቦርድ ምርጫና ቃለ ጉባኤ እንዴት ይያዝ?

የማኅበር ጸሐፊ

ሰላም ለሁላችሁ። የአንድ ስፔሻሊቲ ሐኪሞች ማኅበር ጸሐፊ ነኝ። መዋጮ ያጠናቀቁ 310 አባላት አሉን። ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ክልል ላይ ናቸው፤ 40 ያህሉ ደግሞ አሜሪካና አውሮፓ አሉ። የዘንድሮው ጉባኤ በዙም ይሁን ተብሏል። አጀንዳው የሥራ ሪፖርት፣ የኦዲት ሪፖርት፣ የመዋጮ ማሻሻያና የ7 ቦርድ አባላት ምርጫ ነው። ደንባችን ምልዓተ ጉባኤውን (ጉባኤው ለመወሰን የግድ መገኘት ያለበትን የአባላት ብዛት) 50+1 ይላል፤ ስለ ኦንላይን ስብሰባ ግን አንድም ቃል የለውም። ምን አስቀድመን እናዘጋጅ? ምርጫውስ በዙም ፖል (እዚያው ዙም ውስጥ ባለው የድምፅ መስጫ) ያስኬዳል?

ደንብ አንባቢ

ዶክተር፣ ከዙሙ በፊት ደንቡን ይዩ። የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ 1113/2011 ጠቅላላ ጉባኤን የማኅበሩ የበላይ አካል ያደርገዋል፤ የስብሰባውን ዝርዝር የሚወስነው የእናንተው መተዳደሪያ ደንብ ነው። ደንቡ «በአካል ተገኝተው» የሚል ከሆነ በዙም የሚወሰነው ሁሉ ለክርክር የተጋለጠ ነው። ዝም ያለ ከሆነ ግን ቦርዱ አጭር የስብሰባ ሥነ ሥርዓት አጽድቆ ከጥሪው ጋር ይላከው፤ ጉባኤው ሲከፈትም የመጀመሪያው ድምፅ የሚሰጠው በእሱ ላይ ይሁን። ለከርሞ እንዳትቸገሩ የደንቡን ማሻሻያ በዚሁ አጀንዳ ላይ ጨምሩት።

ቀጥሎ የመራጮች መዝገብ። መዋጮ የሚከፈልበትን የመጨረሻ ቀን ከጉባኤው 10 ቀን በፊት አድርጉና መዝገቡን ዝጉት። በዕለቱ «አሁን በቴሌብር ልኬያለሁ፣ አስገቡኝ» የሚል አይጠፋም፤ መግባት ይችላል፣ ድምፅ መስጠት ግን አይችልም። ይህ በጥሪው ላይ ካልተጻፈ የጉባኤው ግማሽ ሰዓት በእሱ ክርክር ያልቃል።

የእናንተ ምልዓተ ጉባኤ 156 ሰው ነው። የተለመደው የዙም ፕሮ ፈቃድ 100 ሰው ብቻ ስለሚያስገባ በእሱ ከጠራችሁ ሁሉም አባል ቢመጣ እንኳ ምልዓተ ጉባኤው አይሞላም። የ300ውም ለ310 አባላት አይበቃም፤ ለአንድ ወር ብቻ 500 ሰው የሚያስተናግደውን ተጨማሪ ፈቃድ መግዛት ይሻላል።

ቆጠራው ላይ ትልቁ ጣጣ ስም ነው። ዝርዝሩን ሲከፍቱ «አይፓድ»፣ «ጋላክሲ ኤ12»፣ «የማሚ ስልክ» ያገኛሉ፤ የታወቀው ሰው ስምም በላቲን ፊደል በየመልኩ ተጽፏል። ስለዚህ ሁሉም ከስሙ በፊት የአባልነት ቁጥሩን ይጻፍ፦ «114 ዶ/ር አልማዝ»። ቁጥር የሌለው ከዙም መጠባበቂያ ክፍል አይለፍ። ሁለት ሰው በር ላይ ሆኖ መዝገቡን እያየ ያስገባ፤ ሰብሳቢው ይህን ሥራ መደረብ የለበትም። በስልክና በላፕቶፕ የገባ እንደ አንድ ይቆጠራል፤ ኦዲተሩ፣ ተጋባዥ እንግዳና ቴክኒሻኑ አይቆጠሩም። ምልዓተ ጉባኤው ሲከፈት ብቻ ሳይሆን ከእያንዳንዱ ድምፅ በፊት እንደገና ይቆጠር፤ ከሪፖርቱ በኋላ ሰው ቀስ እያለ ይወጣልና።

ቆጣሪ

የዙም ፖል ለአጀንዳና ለሪፖርት ማጽደቂያ ይበቃል፣ ለቦርድ ምርጫ ግን አይሆንም። በመደበኛው አሠራር ሆስትና ኮ-ሆስት (ስብሰባውን ዙም ላይ የሚመራውና ረዳቶቹ) ድምፅ መስጠት አይችሉም፤ የእናንተ ኮ-ሆስቶች ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ራሳቸው አባላት ናቸው። በስልክ ጥሪ የገባም ፖሉን አያየውም። በሁለት መሣሪያ የገባ ሁለት ጊዜ ሊሰጥ ይችላል፤ ምስጢራዊ ከሆነ ደግሞ ማን እንደደገመ ለይታችሁ አታወጡም። የቴሌግራም ፖልማ ጭራሽ አይታሰብም፤ ግሩፑ ውስጥ ያለ ሁሉ አባል አይደለም።

ለእያንዳንዱ መራጭ የራሱን መግቢያ በኢሜይል የሚልክ የምርጫ ሥርዓት ተጠቀሙ። ኢሌክሽንባዲ እና ሲምፕሊ ቮቲንግ የሚከፈልባቸው ናቸው፤ ሄሊዮስ ነፃ ነው፣ ድምፁንም በምስጢር ኮድ ይቆልፋል። ሄሊዮስን ከመረጣችሁ ቁልፍ ያዦችን፣ ማለትም ውጤቱን የሚከፍተውን የምስጢር ቁልፍ የሚይዙትን ሰዎች፣ አስቡባቸው። የዓለም አቀፉ የክሪፕቶሎጂ (የምስጢር ኮድ ሳይንስ) ምርምር ማኅበር በ2025 (እ.ኤ.አ) ምርጫውን መሰረዝና እንደገና ማካሄድ ግድ ሆኖበታል፤ ውጤቱን ለመክፈት የሦስቱም ቁልፍ ያስፈልግ ነበር፣ አንዱ ጠፋ። የሙያው ጌቶች እንዲህ ከሆኑ እኛማ ቁልፉን ሁለት ቦታ ቅጂ እናስቀምጥ።

ከሳምንት በፊት የሙከራ ኢሜይል ላኩ፤ ስንቱ ስፓም ውስጥ እንደሚገባ ያኔ ይታያል። የቀድሞ መሥሪያ ቤታቸውን ኢሜይል ያስመዘገቡ አባላትም ያኔ ይለያሉ። ምርጫው በጉባኤው ሰዓት ተከፍቶ ለ24 ሰዓት ቢቆይ ተረኛ ሐኪምም መብራት የጠፋበትም ይደርሳል። እጩዎች እኩል ድምፅ ቢያገኙ ዕጣ ይሁን ወይስ ድጋሚ ድምፅ፣ ከምርጫው በፊት ይወሰን።

ከሜሪላንድ

ሰዓቱን አደራ! «እሑድ 10 ሰዓት» ተብሎ ቴሌግራም ላይ ሲለጠፍ እዚህ ያለ ሰው ጠዋት 10 ሰዓት ብሎ ይገባል። እንዲህ ጻፉት፦ «እሑድ ከቀኑ 10 ሰዓት በኢትዮጵያ፣ በዙም አቆጣጠር 16፡00፣ በዋሽንግተን ጠዋት 9፡00»። በአሜሪካ ክረምት (ከኖቬምበር እስከ ማርች) ግን 8፡00 ይሆናል። አሜሪካ ሰዓት የምትቀይረው በማርች ሁለተኛ እሑድና በኖቬምበር መጀመሪያ እሑድ ነው፣ አውሮፓ በማርችና በኦክቶበር መጨረሻ እሑድ። በእነዚያ እሑዶች ጉባኤ አትጥሩ።

የማኅበር ጸሐፊ

እግዜር ይስጥልኝ፣ የፈቃዱን ነገር ልብ አላልነውም ነበር። አንድ ነገር ልጨምር፦ አዲሱ ቦርድ የባንክ ፈራሚዎችን መቀየር አለበት። ባንኩ የዙም ቃለ ጉባኤ ይቀበላል?

ደንብ አንባቢ

ባንኩ የሚያየው ወረቀቱን ነው። ቃለ ጉባኤው ታትሞ ሰብሳቢውና ጸሐፊው በእጃቸው ይፈርሙበት፣ ማኅተም ይረፍበት። የፊርማ ፎቶ ወርድ ላይ መለጠፍ በኤሌክትሮኒክ ፊርማ አዋጅ 1072/2010 የተባለው ፊርማ ነው ብላችሁ አትከራከሩ። የተገኙትን ዝርዝር ከነአባልነት ቁጥራቸው፣ ከዙም የወረደውን የመግቢያና መውጫ ሰዓት ሪፖርት፣ የአስመራጭ ኮሚቴውንም የቆጠራ ውጤት አባሪ አድርጉ። ለእያንዳንዱ ውሳኔ የድጋፍ፣ የተቃውሞና የድምፀ ተዓቅቦ ቁጥር ይጻፍ፤ «በሙሉ ድምፅ ጸደቀ» ማለት ብቻውን አይበቃም። ለሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች ባለሥልጣን የሚገባውም ከዚሁ ፋይል ይወጣል። ቅርንጫፉ የሚፈልገውን የደብዳቤ ዓይነት ደግሞ ከጉባኤው በፊት ሄዳችሁ ጠይቁ፣ ቅርንጫፍ ከቅርንጫፍ ይለያያል።

ቆጣሪ

ኔትወርክ ቀረ እንጂ። ሰብሳቢውና ተተኪው ሆስት በተለያየ ሰፈር፣ አንዱ በኢትዮ ቴሌኮም ሌላው በሳፋሪኮም ይቀመጡ። የአባላት ካሜራ ይጥፋ፤ ድምፅ ብቻ በሰከንድ 100 ኪሎቢት እንኳ አይፈልግም። የኦዲት ሪፖርቱን ፒዲኤፍ ከሦስት ቀን በፊት ላኩት፣ ስክሪን ላይ ሠንጠረዡን ማንም አያነበውም። መስመሩ ተቋርጦ በ20 ደቂቃ ውስጥ ካልተመለሰ ጉባኤው ወደ መቼ እንደሚዛወር በሥነ ሥርዓቱ ላይ አስፍሩ።