የጊታር ሙዚየም፦ ክሩ ይላላ ወይስ እንደተቃኘ ይቀመጥ?

አዳራሽ፦
ሰላም ለሁላችሁ። የጊታርን ታሪክና ባህል ብቻ የሚያሳይ ትንሽ ሙዚየም እያሰናዳን ነው። በእጃችን ያሉት ሁለት የ19ኛው ክፍለ ዘመን ጊታሮች፣ የናይሎን ክር ክላሲኮች፣ የብረት ክር አኩስቲኮች፣ እንዲሁም የ1950ዎቹና የ60ዎቹ ኤሌክትሪኮች ናቸው። ሦስት ነገር ላይ መስማማት አቅቶናል። ክሩን ሙሉ በሙሉ እናላላው ወይስ እንደተቃኘ እንተወው? የመስታወት ሳጥኑ ውስጥ ምን ያህል እርጥበትና ብርሃን ይሁን? ከ19ኛው ክፍለ ዘመን በፊት የተሠራ ጊታር የለንምና ታሪኩን ከየት እንጀምረው?

የመቃኛ ቁልፍ፦
ስለ ክሩ ልመልስ። ለሁሉም ጊታር አንድ ሕግ ካወጣችሁ ከመካከላቸው አንዱን ማበላሸታችሁ አይቀርም። 012 የሚባለው (ቀጭኑ ክር 0.012 ኢንች የሆነበት) የአኩስቲክ የብረት ክር በመደበኛው ቅኝት ሲወጠር ስድስቱ አንድ ላይ ከ70 ኪሎ በላይ ይስባሉ። የኤሌክትሪኩ 010 ወደ 45 ኪሎ፣ ናይሎኑ ወደ 40 ኪሎ ይጠጋል። ማንም ባይጫወትበትም ይህ ጉልበት ዓመት ከዓመት ሲስብ ከብሪጁ (ክሩ አካሉ ላይ ከሚያርፍበት ድጋፍ) ኋላ ያለው የፊት ጣውላ ይነፋል፣ ከፊቱ ያለው ይሰምጣል፣ አንገቱም ወደ ፊት ያጋድላል።

«እንግዲያው ጨርሶ ይላላ» ማለትም አያዋጣም። አንገቱ ውስጥ ትራስ ሮድ (የክሩን ስበት የሚመክት የብረት ዘንግ) ያለው ጊታር ክሩ ሲላላ የሚመልሰው ስለማይኖር ዘንጉ አንገቱን ወደ ኋላ ያጎብጠዋል። ፊቱ ጎበጥ ያለው አርችቶፕ ላይ ደግሞ ብሪጁ በሙጫ አልተያዘም፤ በክሩ ጫና ብቻ ነው የሚቆመው። ክሩ ሲላላ ይንሸራተትና ቫርኒሹን ይፍቃል።

የምመክረው ይህን ነው። የብረት ክር ያላቸውን ሁሉ አራት ግማሽ ድምፅ ዝቅ አድርጉ፤ ውጥረቱ ከሲሶ በላይ ይቀንሳል። የ19ኛው ክፍለ ዘመኖቹን አንድ ኦክታቭ (አሥራ ሁለት ግማሽ ድምፅ) አውርዱ፤ ውጥረቱ ሩብ ያህል ብቻ ይቀራል፣ ክሩም አይንጠለጠልም። አንዱን ክር ጨርሳችሁ ወደ ሌላው አትሂዱ፣ ስድስቱንም በየተራ ጥቂት በጥቂት አላሉ። ከዚያ ትራስ ሮድ ያላቸውን ዘንጉን ሩብ ዙር ፈትታችሁ አንድ ቀን ጠብቁ። ቀጥ ያለ የብረት ማስመሪያ በፍሬቶቹ (አንገቱ ላይ አግድም በተደረደሩት ቀጫጭን ብረቶች) ላይ ስታጋድሙ መሃል ላይ 0.2 ሚሊ ሜትር ገደማ ክፍተት ካለ ደህና ነው።

ለአንጀት ክር በተሠራ ጊታር ላይ የብረት ክር በፍጹም አይግባ፤ ብሪጁ ጣውላውን ይዞ ይነቀላል። ናይሎን እንኳ የ1940ዎቹ ነገር ስለሆነ የጊታሩ መግለጫ ላይ ክሩ ከጊታሩ ዘመን እንዳልሆነ ጻፉ።

ጣውላና ሙጫ፦
እርጥበቱ ከ45 እስከ 55 በመቶ፣ ሙቀቱ 20 ዲግሪ አካባቢ ይሁን። ከሁሉ በላይ የሚጎዳው መዋዠቁ ነው። እርጥበቱ ከ40 በታች ሲወርድ እንጨቱ በስፋቱ ይኮማተራል፣ ፍሬቱ ግን ብረት ነውና ባለበት ይቀራል። ስለዚህ የመጀመሪያው ማስጠንቀቂያ በአንገቱ ጠርዝ ላይ ጣት የሚቧጭር የፍሬት ጫፍ ነው። በዚያ ካልነቃችሁ ቀጥሎ የምታዩት የጣውላ ስንጥቅ ነው። ከ60 በላይ ከቆየ ደግሞ ጣውላው ያብጣል፣ የድሮው የቆዳ ሙጫም ይለሰልሳል።

ለተዘጋ ሳጥን ሲሊካ ጄል (እርጥበት የሚመጥና የሚመልስ ፍሬ) ከወለሉ ሥር ይቀመጣል፤ የተለመደው ልክ ለአንድ ሜትር ኩብ 20 ኪሎ ነው። ብዙ ሰው የሚስተው እዚህ ላይ ነው፦ ደረቁን ጄል ከከረጢቱ አውጥቶ ያስገባና ሳጥኑን ምድረ በዳ ያደርገዋል። አስቀድሞ በ50 በመቶ እርጥበት የተላመደ መሆን አለበት። ብርሃኑ ለእንጨትና ለቫርኒሽ ከ150 ሉክስ (የብርሃን መለኪያ) አይለፍ፤ አጠገቡ የምትሰቅሉት ፖስተርና ኖታ ግን 50 ይበቃዋል።

የ50ዎቹና የ60ዎቹ ናይትሮሴሉሎስ ቫርኒሽ ጎማና ቪኒል አይወድም። ማንጠልጠያው ጎማ ከለበሰ ቫርኒሹ ይቀልጥና ይጣበቅበታል። ከተጠቀጠቀ ሱፍ የተሠራ ፈልትም አይሆንም፤ ከውስጡ የሚወጣው ድኝ ብሩን ያጠቁረዋል። ቀለም ያልተነከረ ጥጥ ይሻላል። የድሮዎቹን ዓይን እንዲስቡ ብላችሁ በአናታቸው አትስቀሏቸው፣ ከአካላቸው ሥር ደግፏቸው።

የሴሉሎይድ (የድሮ ፕላስቲክ) ፒክጋርድ፣ ማለትም የፊት ጣውላውን ከጭረት የሚከላከል ሽፋን ያለውን ለብቻው መርምሩ። ሲበሰብስ አሲድ ይተፋል፤ አጠገቡ ያለ ብረት አረንጓዴ ካወጣ ወይም ፕላስቲኩ መሰነጣጠቅ ከጀመረ ፎቶ አንሥታችሁ ፍቱትና አየር በሚገባበት ቀዝቃዛ ቦታ አኑሩት። በተዘጋ ሳጥን ውስጥ መተው የጊታሩን ብረት በሙሉ ማስበላት ነው።

ባለ አምስት ጥንድ፦
ስለ ታሪኩ፦ የባሮክ (የ17ኛውና የ18ኛው ክፍለ ዘመን) ጊታር ባይኖራችሁም ከእሱ ጀምሩ፣ ቅጂ አስቀምጡና «ቅጂ» ብላችሁ ጻፉበት። አምስት ጥንድ ክርና አንገቱ ላይ የታሰሩ የአንጀት ፍሬቶች ያሉት ጊታር ነው፤ ጎብኚው ያንን ካላየ ስድስት ነጠላ ክር ለምን ለውጥ እንደሆነ አይገባውም። ዝነኛው ቫዮሊን ሠሪ ስትራዲቫሪ ጊታርም ይሠራ እንደነበር ብትጠቅሱ ሰው ይቆማል፤ የ1688ቱ ኦክስፎርድ በሚገኘው አሽሞሊያን ሙዚየም አለ።

ዋናው ማጠፊያ ስፔናዊው ጊታር ሠሪ አንቶኒዮ ደ ቶሬስ ነው (1817–1892)። 650 ሚሊ ሜትር ገደማ የክር ርዝመትና በማራገቢያ ቅርጽ የተዘረጉ የውስጥ ድጋፎች የክላሲኩ መልክ ሆነው የቀሩት በእሱ ነው። በ1862 ጀርባውንና ጎኑን ከተቦካ ወረቀት ሠርቶ ድምፁ የሚወጣው ከፊት ጣውላው መሆኑን አሳይቷል፤ ያ ጊታር ዛሬ ባርሴሎና የሙዚቃ ሙዚየም ውስጥ ነው። ከአንድ ጊታር ውስጥ በትንሽ መስታወትና መብራት ድጋፎቹን ብታሳዩ ከአሥር አንቀጽ ይበልጣል።

ከጎኑ የአሜሪካውን ጊታር ሠሪ የማርቲንን በኤክስ (X) ቅርጽ የተሻገረ የውስጥ ድጋፍ አኑሩ። በ1840ዎቹ ለአንጀት ክር ጊታር የመጣ ነው፤ በ1920ዎቹ የብረት ክር ሲስፋፋ ጫናውን የተሸከመው ይኸው ድጋፍ ነው። ወደ ኤሌክትሪክ ስትሻገሩ በታዋቂው የፌንደር ጊታር በቴሌካስተር አትጀምሩ፤ ከእሱ የሚቀድም አለ። ሪከንባከር በ1932 ለሽያጭ ያቀረበው «መጥበሻው» ከአሉሚኒየም የተሠራ፣ ጭን ላይ ተደርጎ የሚመታ ነበር።

አዳራሽ፦
እናመሰግናለን። አንድ ነገር ቀረ፦ ከኤሌክትሪኮቹ አንዱ መለያ ቁጥሩ ጠፍቷል። መግለጫው ላይ ዓመት መጻፍ እንችላለን?

የመቃኛ ቁልፍ፦
የቮልዩም ፖቱን (የድምፅ መጨመሪያና መቀነሻውን ክፍል) ጀርባ እዩ። ለምሳሌ 1376634 ከሆነ 137 ሲቲኤስ የተባለው አምራች፣ 66 ዓመቱ፣ 34 ሳምንቱ ነው። በስድስት አኃዝ ከተጻፈ ዓመቱ አንድ አኃዝ ብቻ ስለሚሆን የትኛው አሥር ዓመት እንደሆነ ከሌላ ምልክት አጣሩ። ፋብሪካዎች ፖት በብዛት ገዝተው ያከማቹ ስለነበር ጊታሩ ከፖቱ በኋላ የተሠራ ሊሆን ይችላልና «ከ1966 ወዲህ» ብላችሁ ጻፉ። ብየዳው የሚያብለጨልጭና ከሌሎቹ የተለየ ከሆነ ግን ፖቱ በኋላ የተቀየረ ሊሆን ይችላል፤ ያኔ ቁጥሩን አትመኑት።