2 አሸንፌ 7 ተሸንፌያለሁ፤ የራሴ የመጀመሪያ ዙር ፒክም (ተጫዋች የመምረጫ ተራዬም) በእጄ የለም፤ ቡድኑን ከየት ልጀምር?

ናሆም (ጠያቂ)፦
ሰላም ለሁላችሁ። የፈንታሲ ፉትቦል (በአሜሪካን ፉትቦል ሊግ፣ በኤንኤፍኤል፣ እውነተኛ ተጫዋቾች ነጥብ የምንፎካከርበት ጨዋታ) ዳይነስቲ ሊግ ውስጥ ነኝ፤ ተጫዋቾቹ ከዓመት ዓመት እጃችን ላይ የሚቆዩበት ዓይነት። 12 ቡድን ነን። ሱፐርፍሌክስ ስለሆነ ሁለት ኳርተርባክ (ኳስ ወርዋሪ) ማሰለፍ ይቻላል፤ ለእያንዳንዱ የተያዘ ኳስ 1 ነጥብ አለ። ሮስተር (የቡድኑ ተጫዋቾች ዝርዝር) 25 ሰው፣ ታክሲ ስኳድ (ከሮስተሩ ውጭ ወጣቶች የሚቆዩበት) 4። የሩኪዎች (የአዲስ ገቢ ተጫዋቾች) ድራፍት፣ ማለትም በተራ የምንመርጥበት ቀን፣ በሜይ ወር ነው፣ 4 ዙር አለው። 9ኛው ሳምንት አልቋል፤ ትሬድ (በቡድኖች መካከል ልውውጥ) የሚዘጋው 12ኛው ላይ ነው።

ኳርተርባኮቼ የ25 እና የ36 ዓመት ናቸው። ረኒንግ ባክ (ኳስ ይዞ ሯጭ) የ27፣ የ28 እና የ29፤ ሪሲቨር (ኳስ ተቀባይ) የ23፣ የ30 እና የ31፤ ታይት ኤንዱ (ተቀባይም ተከላካይ አጋጅም የሆነው) 33 ሞልቶታል። ሌላው ቦታ ማሟያ ነው። ሲዝኑ ሳይጀመር የ28ቱን ረኒንግ ባክ ለማምጣት የሚቀጥለውን ዓመት የመጀመሪያ ዙር ፒኬን ሰጥቻለሁ። አሁን ትልልቆቹን ሸጬ እንደ አዲስ ልገንባ ብያለሁ። ማንን በስንት ልሽጥ?

ቤቲ አትላንታ፦
ናሆም፣ ለዛሬ ማንንም አትሽጥ። በመጀመሪያ የራስህን ፒክ መልሰህ ግዛ።

ምክንያቱ ቀላል ነው። አንድ ትልቅ ተጫዋች በሸጥክ ቁጥር ቡድንህ ይዳከማል፣ ቡድንህ በተዳከመ ቁጥር ፒክህ ወደ 1.01 (የመጀመሪያ ዙር አንደኛ ተራ) ይጠጋል፣ ዋጋውም ይወጣል። ሰውየው ሮስተርህ ሲራቆት እያየ በርካሽ አይለቅልህም። ካሮላይና ፓንተርስ ያደረጉት ይህንን ነው። በ2023 ድራፍት አንደኛውን ተራ ለማግኘት ለቺካጎ ቤርስ 9ኛውን፣ 61ኛውን፣ የ2024 የመጀመሪያ ዙር፣ የ2025 ሁለተኛ ዙር እና ሪሲቨሩን ዲጄ ሙርን ሰጡ። በዚያው ሲዝን 2 አሸንፈው 15 ተሸነፉ፤ የ2024ቱ ፒክ አንደኛ ተራ ሆኖ ቺካጎ ኬሌብ ዊልያምስን ወሰደበት። የሽንፈታቸው ፍሬ የሌላ ሰው ሆነ።

ፒክህን የያዘው ማነው? ስንት አሸንፏል? ምን ጎድሎታል?

ናሆም፦
6 አሸንፎ 3 ተሸንፏል። ሁለተኛው ኳርተርባኩ ባለፈው ሳምንት ተጎድቶ እስከ ሲዝኑ መጨረሻ አይመለስም።

ቤቲ አትላንታ፦
እንግዲህ ቁልፉ እጅህ ላይ ነው። በሱፐርፍሌክስ ሁለተኛ ኳርተርባክ የሌለው ቡድን በየሳምንቱ ከ8 እስከ 10 ነጥብ ያጣል፤ ዌይቨር ላይ (ማንም ያልያዛቸው ተጫዋቾች በሚወሰዱበት) ደግሞ የሚጀምር ኳርተርባክ አይገኝም። የ36ቱን ስጠው፣ ካልበቃው የ30 ዓመቱን ሪሲቨር ጨምርበት። ከዚህ በላይ አትሂድ። የ23ቱን ከጠየቀህ ውይይቱን ዝጋው።

መልእክቱን አጭር አድርገህ ጻፍለት፦ «ሰላም ወንድሜ፣ ኳርተርባክህ መጎዳቱን አየሁ። የእኔን ትልቁን እሰጥሃለሁ፣ አንተ ፒኬን መልስልኝ። እሑድ ከመድረሱ በፊት ብንጨርስ ይህንኑ ሳምንት ታሰልፈዋለህ።» የምትሰጠውን እና የምትቀበለውን በስም ጥቀስ። «ለእሱ ምን ትሰጠኛለህ?» ብቻ ብለህ ከላክህ ግን ነገሩ ሳምንት ይፈጃል።

ጋሽ ታዬ፦
ልጄ፣ ቤቲ የነገረችህ ቅደም ተከተል ትክክል ነው። ግን የራስን ፒክ ማጣት የዓለም መጨረሻ አይደለም። የ1989ኙን ዳላስ ካውቦይስ ተመልከት። በዚያ ዓመት በተጨማሪው ድራፍት (ከዋናው ድራፍት ውጭ በሚደረገው) ኳርተርባኩን ስቲቭ ዋልሽን ሲወስዱ የ1990 የመጀመሪያ ዙር ፒካቸውን ከፈሉ። ከዚያ 1 አሸንፈው 15 ተሸነፉና ያ ፒክ አንደኛ ተራ ይሆን ነበር። የእነሱም ሁኔታ እንዳንተው ነበር ማለት ነው።

ያዳናቸው ኦክቶበር 12 ቀን 1989 ረኒንግ ባኩን ኸርሼል ዎከርን ለሚኒሶታ የሰጡበት ትሬድ ነው። ሚኒሶታ አምስት ተጫዋች ሰጠ፤ ከተጫዋቾቹ ጋር ግን በሁኔታ የታሰሩ ፒኮች ነበሩ፦ ዳላስ ተጫዋቹን ካሰናበተ ፒኩን ይወስዳል። ሁሉም ሰው ተጫዋቾቹን ያይ ነበር፣ የዳላስ አሠልጣኝ ጂሚ ጆንሰን የሚያየው ፒኮቹን ነበር። ከዚያ ባገኘው የሚኒሶታ ፒክ ከ21ኛ ወደ 17ኛ ተራ ከፍ ብሎ በ1990 ረኒንግ ባኩን ኤሚት ስሚዝን ወሰደ። ከ1992 እስከ 1995 ባሉት አራት ሲዝኖች ሦስት ሱፐር ቦውል (የኤንኤፍኤል ዋንጫ) አነሱ።

የሊጋችሁ ኮሚሽነር (አስተዳዳሪ) በሁኔታ የታሰረ ፒክ ከፈቀደ ተጠቀምበት። ለምሳሌ የ29 ዓመቱን ረኒንግ ባክ «ሦስተኛ ዙር፤ ቡድንህ ፍጻሜ ከደረሰ ሁለተኛ ዙር ይሆናል» ብለህ ሽጠው። ገዢው ዋንጫ ላይ ከደረሰ ፒኩ አይቆጨውም። ስምምነቱን ግን ኮሚሽነሩ በሚያየው ቦታ አስጽፈው፤ የቃል ስምምነት በሜይ ወር ጠብ ይሆናል።

ሄኖክ ሚሺጋን፦
ዋጋውን ልንገርህ፣ በእንደዚህ ዓይነት ሊግ ከሚሸጠው ተነስቼ። የ29ኙ ረኒንግ ባክ ጋሼ እንዳሉት ሦስተኛ ዙር፣ ዕድለኛ ከሆንክ ሁለተኛ። የ28ቱ ሁለተኛ ዙር። የመጀመሪያ ዙር ሰጥተህበት እንደነበር እርሳው፣ የከፈልከው አይመለስም፤ እሱን አስመልሳለሁ ብለህ ከያዝከው በሚቀጥለው ኦገስት ማንም አይጠይቅህም። የ27ቱን አሁኑኑ ሽጥ፤ ከመጀመሪያ ዙር ጋር ሊመጣጠን የሚችለው በመጪዎቹ ሦስት ሳምንታት ብቻ ነው። የ31 ዓመቱ ሪሲቨር ሁለተኛ ዙር። ታይት ኤንዱን የተገኘውን ይዘህ ልቀቀው።

ከዚህ የሚበልጠው ጥያቄ የማንን ፒክ ትቀበላለህ የሚለው ነው። ሰው ሁሉ መጥፎ የሆነውን ቡድን ፒክ ይፈልጋል፤ እሱ ግን አይሸጥልህም። አንተ ዘንድሮ አንደኛ ሆኖ ተጫዋቾቹ ያረጁበትን ቡድን ፈልግና የሁለት ዓመት በኋላውን ፒክ ጠይቀው። ዲትሮይት ላየንስ በ2021 ኳርተርባኩን ማቲው ስታፎርድን ለሎስ አንጀለስ ራምስ ሰጥተው ኳርተርባኩን ጃሬድ ጎፍን፣ የ2021 ሦስተኛ ዙር፣ የ2022 እና የ2023 የመጀመሪያ ዙር ተቀበሉ። ራምስ ሱፐር ቦውል ስላሸነፉ የመጀመሪያው ፒክ 32ኛ ሆነ። በቀጣዩ ሲዝን ግን ራምስ 5 አሸንፈው 12 ተሸነፉና የ2023ቱ ፒክ 6ኛ ተራ ሆኖ መጣ።

የእያንዳንዱን ቡድን ሰልፍ አውጥተህ ዕድሜያቸውን ደምረህ አካፍለው። ረኒንግ ባኮቹ ከ27፣ ሪሲቨሮቹ ከ29 በላይ የሆኑበት ቡድን እሱ ነው የምትፈልገው።

ቤቲ አትላንታ፦
በዋጋው እስማማለሁ። አንድ ነገር ልጨምር፦ ሁለተኛ እና ሦስተኛ ዙር እየሰበሰበ መቆለል አይጠቅመውም። ሮስተሩ 25 ነው። ስምንት ሩኪ ከመጣ አራቱ ታክሲ ላይ ይቀመጣሉ፣ ለቀሪዎቹ አራት ሰው ማሰናበት ሊኖርበት ነው። ሁለት ሁለተኛ ዙር አጣምሮ አንድ ዘግይቶ የሚመጣ የመጀመሪያ ዙር ይግዛ።

ሄኖክ ሚሺጋን፦
እዚህ ላይ አልስማማም ቤቲ። ተመራማሪዎቹ ኬድ ማሲ እና ሪቻርድ ቴለር የኤንኤፍኤልን ድራፍት መርምረው ያገኙት፣ አንድ የተመረጠ ተጫዋች በራሱ ቦታ ከሱ ቀጥሎ ከተመረጠው የመብለጥ ዕድሉ ሳንቲም ከመወርወር ትንሽ ብቻ የተሻለ መሆኑን ነው። ስለዚህ ብዙ ዕጣ የያዘ ይሻላል። በዚያው በ2023 ላየንስ 6ኛውን እና 81ኛውን ለአሪዞና ሰጥተው 12ኛውን፣ 34ኛውን እና 168ኛውን ተቀበሉ። በ12ኛው ረኒንግ ባኩን ጃሚር ጊብስን፣ በ34ኛው ታይት ኤንዱን ሳም ላፖርታን ወሰዱ። በጂሚ ጆንሰን የፒክ ዋጋ ሰንጠረዥ 6ኛው 1600፣ 12ኛው 1200፣ 34ኛው 560 ነጥብ ነው፤ ሁሉም ሲደመር ሁለቱ ወገኖች እኩል ናቸው ማለት ይቻላል። ላየንስ ግን ከአንድ ኮከብ ይልቅ ሁለት የመሞከሪያ ዕድል ወሰዱ።

ቤቲ አትላንታ፦
ኤንኤፍኤል ውስጥ የሁለተኛ ዙር ተጫዋች ተከላካይም የመስመር ሰውም ሊሆን ይችላል፣ ቡድኑን ይጠቅማል። በእኛ ፈንታሲ ግን አራት ቦታ (ኳርተርባክ፣ ረኒንግ ባክ፣ ሪሲቨር፣ ታይት ኤንድ) ብቻ ነው የሚቆጠረው፤ ስለዚህ የሩኪ ድራፍታችን ሁለተኛ ዙር ሲጋመስ ጥሩ ጥሩዎቹ አልቀዋል። ሪሲቨሮቹ አሞን ራ ሴንት ብራውን በ2021 112ኛ፣ ፑካ ናኩዋ በ2023 177ኛ መመረጣቸውን አውቃለሁ። ሁለቱም የሚታወሱት ብርቅ ስለሆኑ ነው።

ናሆም፦
ሁለታችሁንም አመሰግናለሁ። ጋሼ፣ እርስዎንም። አንድ ጥያቄ ቀረኝ፦ በእኛ ሊግ የድራፍት ተራ የሚወሰነው በሽንፈት ብዛት ሳይሆን በማክስ ፒኤፍ ነው። ደካማ ተጫዋች እያሰለፍኩ ብሸነፍ ይጠቅመኛል?

ጋሽ ታዬ፦
ምንም አይጠቅምህም። ማክስ ፒኤፍ የሚቆጥረው ያሰለፍከውን ሳይሆን ከሮስተርህ ሊወጣ ይችል የነበረውን ከፍተኛ ነጥብ ነው። ጥሩ ተጫዋች ወንበር ላይ ብታስቀምጠውም ነጥቡ ይቆጠርብሃል። ተራህን የሚያሻሽለው ተጫዋቹን መሸጥ ብቻ ነው። በየሳምንቱ ምርጥህን አሰልፍ፤ ለፕሌይኦፍ (ለመጨረሻው የዋንጫ ዙር) የሚፎካከሩትንም አትበድልም።

የ25 ዓመቱን ኳርተርባክ እና የ23ቱን ሪሲቨር አትንካ። ረኒንግ ባክ የምትገዛው በመጨረሻ ነው፣ ቡድንህ ለማሸነፍ ሲቃረብ። አሁን ጎበዝ ወጣት ረኒንግ ባክ ብትገዛ፣ አንተ እስክትደርስ እሱ 27 ይሞላዋል።

ሄኖክ ሚሺጋን፦
የፒክ ዋጋ ወቅት እንዳለውም አትርሳ። አሁን በሲዝኑ መሀል ርካሽ ነው፤ ሰው ሁሉ እሑድን ነው የሚያስበው። ከኤፕሪሉ ድራፍት በኋላ ፒኩ ስም እና ፊት ስለሚያገኝ ይወደዳል። ስለዚህ እስከ 12ኛው ሳምንት ግዛ። ቤቲ እንዳለችው ማጣመር ከፈለግህ ደግሞ በሜይ ወር ተራው ሲደርስ አድርገው፤ ያኔ የሚወደውን ልጅ አይቶ የሚቸኩል ሰው ይኖራል።

ቤቲ አትላንታ፦
እሱን እቀበላለሁ። ናሆም፣ ትሬድ ከተዘጋ በኋላም ሥራ አለህ፣ ዌይቨሩ ክፍት ከሆነ። የማያገለግሉህን የሮስተርህን መጨረሻ አምስት ሰዎች አሰናብትና የሁለተኛ ተሰላፊ ወጣት ረኒንግ ባኮችን ውሰድ፤ በተለይ የፊተኛው ተሰላፊ ኮንትራቱ በማርች የሚያልቅባቸውን። ፊተኛው ወደ ሌላ ቡድን ከሄደ፣ በነፃ የወሰድከው ልጅ በአንድ ቀን ሁለተኛ ዙር ፒክ ያወጣል። በዚያው ቀን ሽጠው፤ ኤፕሪል ላይ ቡድኑ ሌላ ረኒንግ ባክ ድራፍት ሊያደርግ ይችላል።