ለትሬዶች ስም መስጠት ግዴታ ይሁን ወይስ አይሁን?

የመወያያው ጥያቄ፦ በጋራ በምንሠራበት የጃቫ ሲስተም ውስጥ ስም ያልተሰጠው ትሬድ (በፕሮግራም ውስጥ ከሌሎች ጎን ለጎን የሚሄድ የሥራ መስመር) ወይም ትሬድ ፑል (ሥራ የሚከፋፈሉ ትሬዶች ስብስብ) የሚፈጥር ኮድ በሪቪው (ባልደረቦች ኮዱን በሚመረምሩበት ጊዜ) እንዳያልፍ ይደረግ የሚል ሐሳብ ቀርቧል። ትደግፋላችሁ ወይስ ትቃወማላችሁ?

ተቃዋሚ፦ ስም መስጠቱን አልጠላም፤ ግዴታ መሆኑን ግን እቃወማለሁ። ስም ዴድሎክን (ትሬዶች እርስ በርስ እየተጠባበቁ መቆማቸውን) አይከላከልም፤ ኮዱ ሲለወጥም ስሙን የሚያስተካክል ሰው እምብዛም ስለማይኖር፣ «ኢሜይል-ላኪ» የተባለው ትሬድ ውሎ አድሮ ክፍያ ሲያስተናግድ ይገኛል። የተሳሳተ ስም ደግሞ ስም ከማጣት የከፋ ነው። የጎ ቋንቋን ተመልከቱ፤ ጎሩቲኖች (የጎ ቀላል ትሬዶች) ስም የላቸውም፣ ሆኖም ትልልቅ ሲስተሞች ተሠርተውበታል። ስታክ ትሬሱ (ትሬዱ የደረሰበትን የፈንክሽን ጥሪዎች ቅደም ተከተል የሚያሳየው ዝርዝር) እያለ ስም ለምን ያስፈልጋል?

ደጋፊ፦ ያነሡት የጎ ምሳሌ የእኔን ሐሳብ የሚያጠናክር ይመስለኛል። ጎ የጎሩቲኖቹን ዝርዝር ሲያትም እያንዳንዱን የፈጠረው ፈንክሽን የትኛው እንደሆነ ጨምሮ ያሳያል፤ የጃቫ ትሬድ ደምፕ (የትሬዶቹን ሁሉ ሁኔታ የሚያሳየው ዝርዝር) ግን ይህን አይነግረንም። ስታክ ትሬሱም ቢሆን የሚረዳው ትሬዱ የእኛን ኮድ እያስኬደ ከሆነ ነው። ሰርቨሩ በትሬዶች ብዛት ተጨናንቆ በጄስታክ (ትሬድ ደምፕ በሚያወጣው የጃቫ መሣሪያ) ስንመለከት «ፑል-1-ትሬድ-1»፣ «ፑል-2-ትሬድ-1» እያለ የሚቀጥል ረጅም ዝርዝር እናገኛለን፤ ሥራ የሚጠባበቁት ሁሉ ስታካቸው ከላይ እስከ ታች የጃቫ ላይብረሪ ብቻ ስለሆነ፣ እነዚያን ሁሉ ፑሎች እየከፈተ ያልዘጋው የትኛው ክፍል እንደሆነ የሚጠቁም አንድም መስመር አይገኝም። ያን ጊዜ ከስሙ በቀር መለያ የለም። ስም ያረጃል ለሚለው ስጋት መፍትሔው በሚሠራው ሥራ ሳይሆን በፑሉ ባለቤት ክፍል መሰየም ነው።

ሦስተኛ ተሳታፊ፦ በሁለት ነገር ላይ ጥንቃቄ ይደረግ። ሊኑክስ ለትሬድ ስም የሚፈቅደው 15 ባይት ብቻ ነው፤ በዩቲኤፍ-8 (ፊደላት በኮምፒውተር በሚቀመጡበት ሥርዓት) አንድ የአማርኛ ፊደል 3 ባይት ስለሚይዝ፣ ጃቫ ውስጥ ረጅም የአማርኛ ስም ቢሰጥም ሊኑክስ ላይ ከአምስት ፊደል በላይ አይያዝም። በላቲን ቢጻፍም መለያው ክፍል ከፊት ይምጣ፤ የድርጅቱ ስም ከቀደመ «ቶፕ» (የሚሠሩ ፕሮግራሞችንና ትሬዶችን በሚያሳየው የሊኑክስ መሣሪያ) ላይ ትሬዶቹን መለየት ሊያስቸግር ይችላል። በ2023 ከወጣው ጃቫ 21 ጋር የመጡት ቨርቹዋል ትሬዶች (ጃቫ ራሱ የሚያስተዳድራቸው ቀላል ትሬዶች) ደግሞ ካልሰየሟቸው ስማቸው ባዶ ነው፤ በሺዎች ተፈጥረው ወዲያው የሚጠፉ በመሆናቸው ደንቡ እነርሱን ባይጨምር እመርጣለሁ።

ተቃዋሚ፦ ሥራ ፈት ስለሆኑት ትሬዶች የተባለውን ተቀብያለሁ። ይሁን እንጂ ሪቪው አድራጊው የስም ተቆጣጣሪ መሆን የለበትም። ፑል ሁሉ በአንድ የጋራ ትሬድ ፋክተሪ (ትሬዶችን በሚፈጥር የኮድ ክፍል) በኩል ይፈጠር፤ ፋክተሪውም ስም ካልተሰጠው ኮዱ ኮምፓይል እንዳይሆን (ወደሚሠራ ፕሮግራም እንዳይለወጥ) ተደርጎ ይሠራ። እንዲህ ከሆነ ድምፄን እሰጣለሁ።