ጥቆማ፦ የዘንድሮን ሲፒዲ (ተከታታይ የሙያ ትምህርት) የት ልሙላ?

የሳሪሷ፦
ሰላም ለሁላችሁ። የግብር ማሳወቂያው ጥቅምት 30 አልፎ ገና አሁን ቀና ማለቴ ነው። አንድ አስመጪ ድርጅት ሂሳብ ክፍል ነው የምሠራው። የኤሲሲኤ (የዓለም አቀፉ የሂሳብ ባለሙያዎች ማኅበር) አባል ነኝ፤ የዓመቱን 40 የሲፒዲ ዩኒት አልጨረስኩም። ማስረጃ ከሚያስፈልጋቸው 21 ዩኒቶች እጄ ላይ ያለው 8 ብቻ ነው። እስከ ታኅሣሥ 23 ማሳወቅ አለብኝ።
ሦስት አማራጭ አይቻለሁ። አንዱ ቦሌ አካባቢ ሆቴል ውስጥ፣ አምስት ቀን፣ ከነምሳው። ሌላው መገናኛ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ። ሦስተኛው ማታ ማታ በዙም። የምፈልገው አይኤፍአርኤስ 16ን (የኪራይ ማለትም የሊዝ ዓለም አቀፍ የሂሳብ ስታንዳርድ፤ የቃሊቲው መጋዘናችን የአራት ዓመት ኪራይ ውል አለው) እና አዲሱን የገቢ ግብር ማሻሻያ ነው። የሞከራችሁ ንገሩኝ። ቤት ሕፃን አለኝ፣ ሰዓቱ ለእኔ ትልቅ ነገር ነው።

ደብተር፦
መገናኛ። ዓይንሽን ጨፍነሽ ግቢ።

የሳሪሷ፦
አመሰግናለሁ። እዚያ ነው የተማርከው?

ደብተር፦
እኔ እንኳን አልተማርኩም፣ የባለቤቴ እህት ናት። በጣም ወዳዋለች። ሻይ ቤቱም አሪፍ ነው።

ስሜ ተሳስቷል፦
እህቴ፣ የቦሌው እኔ የማውቀው እንዳይሆን ብቻ። ስም አልጠራም። ነሐሴ ላይ 9,500 ብር ከኪሴ ከፍዬ ገባሁ፤ መሥሪያ ቤቴ «ለራስህ እውቀት ነው» ብሎኝ። 2:30 ተባለ፣ 4 ሰዓት ተጀመረ። አሠልጣኙ ጀርባውን ሰጥቶን ስላይድ ያነባል። በሦስተኛው ቀን ኪራይ ላይ ደረስን። ስላይዱ «አይኤኤስ 17» ይላል። እጄን አወጣሁ። «ይሄ እኮ ከ2019 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በ16 ተተክቷል» አልኩ። «መሠረቱ አንድ ነው» አለኝ። መሠረቱ አንድ ነው! በድሮው ተከራዩ በየወሩ የኪራይ ወጪ መዝግቦ ዝም ይላል። በአዲሱ የአራት ዓመቱን ክፍያ ዛሬ ዕዳ አድርጎ፣ የመጠቀም መብቱን ደግሞ ንብረት አድርጎ ባላንስ ሺት ላይ ያወጣዋል። የትኛው መሠረት ነው አንድ የሆነው?
አራተኛው ቀን የደመወዝ ግብር። ምሳሌው «ከግብር ነፃ 600 ብር» ብሎ ይጀምራል። አዋጅ 1395/2017 ወጥቶ 2,000 ሆኗል ስንለው «ቁጥሩን እናንተ ትቀይሩታላችሁ» አለን። ሰርተፊኬቱ ሲመጣ ስሜ ተሳስቷል። ቀንም ሰዓትም የለበትም።

ቆጣቢው፦
9,500 ብር ከፍለህ ታሪክ ተምረሃል። ለታሪክ ትምህርት ውድ አይደለም።

ፋይናንስ 7፦
ማን ናቸው? በውስጥ መስመር ላክልኝ።

የልደታ ልጅ፦
ለኔም።

ሰኔ 30፦
ለኔም። እነዚያ ሎጎአቸው ሰማያዊ የሆኑት ናቸው አይደል?

ስሜ ተሳስቷል፦
የሁሉም ሎጎ ሰማያዊ ነው።

የቦሌ ወዳጅ፦
እኔ ሦስት ጊዜ ቦሌ ወስጃለሁ፣ አራተኛም እወስዳለሁ። ስላይዱ አሮጌ ቢሆንስ? አሁን የምሠራበትን መሥሪያ ቤት ያገኘሁት እዚያ ምሳ ላይ አጠገቤ ከተቀመጠ ሰው ነው። ስታንዳርዱን ቤቴ ሆኜ አነበዋለሁ። ቤቴ ሆኜ ሰው አላገኝም።

ቆጣቢው፦
ታዲያ የምሳውን ብቻ መክፈል አይቻልም?

ገዢና ሻጭ፦
ሊዝ ላይ ጥያቄ ያለው እኔን ያናግር። ለሚ ኩራ 250 ካሬ፣ ካርታ ያለው፣ የሊዝ ክፍያው የተጠናቀቀ።

ሰኔ 30፦
ወንድሜ፣ የምናወራው ሌላ ሊዝ ነው። የሂሳብ ነው።

ገዢና ሻጭ፦
ሊዝ ሊዝ ነው። ሂሳቡን ቁጭ ብለን እንሠራዋለን።

ጡረተኛው ኦዲተር፦
ልጆቼ፣ ብዙ አትድከሙ። ፒያሳ የነበረው የእኔ አስተማሪ ጋ ሂዱ። እኛ ሌጀር በእጃችን እያሠመርን ነው የተማርነው። ትራያል ባላንሱ በ5 ሳንቲም አልገጥም ቢል ወደ ቤት አንሄድም ነበር። የፋይናንስ ሪፖርት አዋጁ፣ 847/2006፣ ከመጣ ወዲህ ሁሉም ስለ አይኤፍአርኤስ ያወራል፣ ዴቢትና ክሬዲት ግን አያውቅም።

ፋይናንስ 7፦
ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና ፒያሳ እኮ ፈርሷል።

ጡረተኛው ኦዲተር፦
ቤቱ ፈረሰ እንጂ ሰውየው አልፈረሰም።

ፋይናንስ 7፦
አሁን የት ነው የሚያስተምሩት?

ጡረተኛው ኦዲተር፦
እሱን አጣርቼ እነግራችኋለሁ።

ገና ጀማሪ፦
ይቅርታ በመሃል ስለገባሁ። ፒችትሪ (የሂሳብ ሶፍትዌሩን) በጥሩ ዋጋ የት ነው የሚማሩት?

የልደታ ልጅ፦
ፒችትሪ መገናኛም አለ፣ ስታዲየም አካባቢም አለ። ሁለት ሳምንት ይበቃሃል። ኤክሴል አብረህ ያዝ። መጀመሪያ ግን ቫውቸር መቁረጥ የሚያሳይህ ሰው ፈልግ።

ደብተር፦
መገናኛ። ዓይንህን ጨፍነህ።

ማታ ሠራተኛ፦
ወደ የሳሪሷ ጥያቄ እንመለስ። እኔም የኤሲሲኤ አባል ነኝ፣ ሁለት ዓመት ተሳስቼ ነው የተማርኩት። «ማስረጃ ያለው» ማለት «ሰርተፊኬት ያለው» ማለት አይደለም። የሚጠየቀው ሦስት ነገር ነው። ትምህርቱ ሥራሽን ይመለከታል? ሥራሽ ላይ እንዴት ተጠቀምሽበት? ማሳየት ትችያለሽ? በዚህ ሂሳብ የቃሊቲው መጋዘን ራሱ ሲፒዲ ነው። ስታንዳርዱን አይኤፍአርኤስ ፋውንዴሽን ድረ ገጽ ላይ ተመዝግበሽ በነፃ አንብቢው። ውሉን አውጥተሽ የአራቱን ዓመት ክፍያ በኤክሴል ደርድሪ። ክፍያውን ወደ ዛሬ ዋጋ የምትመልሺበትን ወለድ ደግሞ ባንክ ለዚያ ያህል ጊዜ፣ ለድርጅታችሁ በስንት ያበድር ነበር ብለሽ ጠይቂ፤ ብዙ ሰው የሚወድቀው እዚህ ላይ ነው፣ ከአየር ላይ 10 በመቶ ይጽፋል። ከዚያ ለአለቃሽ አንድ ገጽ ማስታወሻ ጻፊ። ያ ማስታወሻ ከነቀኑና ከነሰዓቱ ማስረጃሽ ነው። የኤሲሲኤ መጽሔት ላይም አንብበሽ ጥያቄ የምትመልሺባቸው ጽሑፎች አሉ፤ ሕፃኑ ሲተኛ አንድ አንድ እያልሽ ትጨርሻለሽ።
መክፈልሽ ካልቀረ ግን ከመክፈልሽ በፊት ደውይላቸው። ስልኩን ላነሳው ሰው ሳይሆን ለአሠልጣኙ ሁለት ጥያቄ ብቻ። የደመወዝ ግብር ከስንት ብር በላይ ይጀምራል? አይኤፍአርኤስ 18 እኛን መቼ ይነካናል? ለመጀመሪያው 600 ካለሽ ስልኩን ዝጊ። ሁለተኛው ከጃንዋሪ 2027 ወዲህ የሚጀምር በጀት ዓመትን ነው የሚመለከተው፤ ዓመታችሁ ሐምሌ 1 ከሆነ ከሐምሌ 2019 ማለት ነው። ግን ጎን ለጎን የሚቀርበው የማነጻጸሪያው ዓመት ከሐምሌ 2018 ይጀምራል። የገቢ መግለጫው ቅርጽ ይቀየራል፤ የሂሳብ መደቦቻችሁን ካሁኑ ካላስተካከላችሁ በኋላ የዓመት ሙሉ ቫውቸር ታገላብጣላችሁ። ይሄን የሚነግርሽ አሠልጣኝ ካገኘሽ ዙምም ይሁን ጎተራ ሥር፣ ክፈይው።

የሳሪሷ፦
ኧረ እግዚአብሔር ይስጥልኝ! ማስታወሻው እንደሚቆጠር አላውቅም ነበር። የዙሙን የወሰደ ሰውስ? ይቀዳል? ልጁ ካለቀሰ በኋላ ማየት እችላለሁ?

ሰኔ 30፦
ዙም ላይ መብራት ነው ችግሩ።

የልደታ ልጅ፦
መብራት ሳይሆን ኔትወርክ ነው። እኔ ዳታ ስገዛ ብቻ የሥልጠናውን ሩብ ዋጋ ጨረስኩ።

ከቨርጂኒያ፦
እዚህ ለሲፒኤ (የተመሰከረለት የሂሳብ ባለሙያ) ፈቃድ በሦስት ዓመት 120 ሰዓት ነው፤ በየዓመቱ ከ20 ማነስ የለበትም፣ 2 ሰዓት የሥነ ምግባር ትምህርትም በየዓመቱ ግዴታ አለ። ታዲያ ጎበዝ እንዳንመስላችሁ። እኔ ዌቢናሩን ከፍቼ ወጥ እሠራለሁ። በየመሃሉ መኖርህን የምታረጋግጥ ጥያቄ ብቅ ትላለች፤ እጄን ጠርጌ እጫናታለሁ። አንድ ጊዜ ሽንኩርት እያቁላላሁ አለፈችኝና ሰዓቱ ሳይቆጠርልኝ ቀረ። ሽንኩርቱም አረረ።

ቆጣቢው፦
ይሄ ነው እውነተኛ ኪሳራ። በየትኛው ስታንዳርድ ይመዘገባል?

ማታ ሠራተኛ፦
ከቨርጂኒያ፣ እኔም እንደ እርሶ ነበርኩ። ልዩነቱን ያየሁት ብሩ በገበያ ይወሰን የተባለ ጊዜ ነው፣ ሐምሌ 22 ቀን 2016። 57 ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100 አለፈ። እኛ ለውጭ አቅራቢ ያልከፈልነው ዕዳ ነበረን። ስለ ምንዛሪ ልዩነት ሁለት ጊዜ «ሠልጥኜ» ነበር፣ ሁለቱንም ስልኬ ላይ ሆኜ። ነሐሴን በሙሉ ማታ ማታ አይኤኤስ 21ን እንደ አዲስ አነበብኩት።

የሳሪሷ፦
ኡፍ፣ እኛም እንደዚያው ነበርን። አለቃዬ «የዶላር ዕዳችን ለምን ጨመረ?» ብሎ እኔን ነበር የሚቆጣው።

ሰኔ 30፦
ሁሉም አለቃ እንደዚያ ነው።

ገዢና ሻጭ፦
የቃሊቲው መጋዘን ይሸጣል?

ጡረተኛው ኦዲተር፦
አጣርቻለሁ። አስተማሪዬ አሁን ልጃቸው ጋ ካናዳ ናቸው። ግን በስልክ ያስተምራሉ።

ስሜ ተሳስቷል፦
ትናንት ከቦሌ ደወሉልኝ። ይህን ያነበበ ሰው ነግሯቸው መሰለኝ። ይቅርታ ጠይቀው ሰርተፊኬቱን እንደገና አትመውታል። ሄጄ ተቀበልኩ። ስሜ ተስተካክሏል። አሁን የአባቴ ስም ነው የተሳሳተው።